መካከለኛዋ ክር

ፒያኖ 88 ቁልፎች ሲኖሩት ክሮቹ ግን ወደ 230 ይጠጋሉ። በግራ ጫፍ ያሉት፣ መዳብ የተጠመጠመባቸው ወፋፍራም ክሮች ለየቁልፋቸው አንድ አንድ ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ ሁለት ሁለት ይሆናሉ፤ ከመሐል እስከ ቀኝ ጫፍ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሦስት ሦስት የብረት ክር ጎን ለጎን ተወጥሯል። ጣት ቁልፉን ሲጫን አንዲት መዶሻ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ትመታለች፤ አድማጩ ግን የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው። ከሦስት ክር የወጣ መሆኑ ትዝም አይለው። ትዝ የሚለው ክሮቹ በጥቂቱ የተለያዩ ዕለት ነው።

አንዷ ክር በሴኮንድ 440 ጊዜ፣ ጎረቤቷ 441 ጊዜ ብትርገበገብ፣ ድምፁ በየሴኮንዱ አንድ ጊዜ ጎላ፣ አንድ ጊዜ ደከም ይላል። ይህ መዋዠቅ ምት ይባላል። ልዩነቱ ሲጠብ ምቱ ይዘገያል፤ የሩብ ኸርዝ ልዩነት ሲቀር በአራት ሴኮንድ አንዴ ብቻ ይመታል፤ ልዩነቱ ሲጠፋ ምቱም አብሮ ይጠፋል። ሁለት ክር ለማስማማት ጆሮ ይህን ከተከተለ ይበቃዋል። ሦስተኛዋ ስትጨመር ግን ነገር ይወሳሰባል። አንደኛዋ ከሁለተኛዋ፣ ሁለተኛዋ ከሦስተኛዋ፣ ሦስተኛዋ ከአንደኛዋ ጋር የምታወጣው ምት ይደበላለቅና የትኛዋ ከፍ እንዳለች፣ የትኛዋ ዝቅ እንዳለች መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ የፒያኖ ቃኚ ሥራውን የሚጀምረው ክር በማጥበቅ ሳይሆን ክር በማፈን ነው።

ለማፈን የሚያገለግለው ዕቃ ተራ ነገር ነው። አንደኛው የጎማ ሽብልቅ ነው፤ ጫፉ ሾል ያለ፣ በሁለት ክሮች መካከል ገብቶ ሁለቱንም የሚይዝ። በቋሚ ፒያኖ መዶሻዎቹ ከክሮቹ ፊት ስለሚቆሙ እጅ እንደ ልብ አይገባም፤ ሽብልቁ ረጅም የሽቦ እጀታ ይደረግለታል። ወይም ፓፕስ የሚባለው፣ እንደ ወረንጦ ሁለት ጣት ያለው ማፈኛ ተጨምቆ በመዶሻዎቹ ዘንጎች መካከል ይገባና፣ ውስጥ ሲለቀቅ ተከፍቶ ክሮቹን ይጫናል። ሦስተኛው ከተጠቀጠቀ ሱፍ የሚሠራ ረጅም ጥብጣብ ነው፤ ፌልት ይባላል።

የፌልቱ አገባብ ቀረብ ብሎ ሊታይ ይገባዋል። ቃኚው ጥብጣቡን በፒያኖው መሐል ክሮች ላይ አግድም ይዘረጋዋል። ከዚያ በደነዘ የካቻቢቴ ጫፍ በአንዱ ቡድን ቀኝ ክርና በቀጣዩ ቡድን ግራ ክር መካከል ባለው ክፍተት ይጠቀጥቀዋል፤ ጥቂት እጥፋት ትቶ ወደሚቀጥለው ክፍተት ያልፋል። በዚህ ዓይነት ዳር እስኪደርስ ይቀጥላል። ሲጨርስ ከየሦስቱ ግራና ቀኞቹ ታፍነው መካከለኛዋ ብቻዋን ትቀራለች። አሁን ቁልፍ ቢነካ የሚወጣው ድምፅ ቀጭንና ደረቅ ነው፤ ከታፈኑት ክሮች የሚሰማው የመዶሻዋ ድፍን ኳኳታ ብቻ ነው። ቅኝቱ በሙሉ የሚመሠረተው በዚህ ቀጭን ድምፅ ላይ ነው።

ለምን መካከለኛዋ? ከሦስቱ የተሻለች ስለሆነች አይደለም። ሦስቱም በውፍረት አንድ ናቸው፤ የምትመታቸውም አንዲት መዶሻ ናት። እንዲያውም በብዙ ፒያኖዎች ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት ክሮች በታች በኩል ፒን ዞሮ የተመለሰ የአንድ ሽቦ ሁለት ወገን ናቸው። መካከለኛዋ የተመረጠችው ፌልቱ የሚገባው በቡድን እና በቡድን መካከል ስለሆነና ዳር ያሉትን ስለሚይዝ ነው። መለኪያ ያደረጋት የቆመችበት ቦታ ነው። አንዴ ከተመረጠች ግን ሌሎቹ ሁለቱ ልክ ናቸው ወይም አይደሉም የሚባለው በእሷ ይሆናል። በሰው መካከልም መለኪያ የሚሆነው ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ወይም ቀድሞ የተገኘው ነው፤ የዋናው ከተማ አነጋገር፣ የመጀመሪያ ልጅ ጠባይ፣ ቀድሞ የታተመ መጽሐፍ። በአጋጣሚ የተያዘ ቦታ ሲውል ሲያድር ብልጫ ይመስላል።

ታዲያ መካከለኛዋ ራሷ በምን ትለካለች? መነሻዋ ዲያፓዞን ነው፤ ጆን ሾር የተባለ እንግሊዛዊ መለከት ነፊ በ1711 የሠራው ባለሁለት ጣት ብረት። ነገር ግን ብረቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ ይርገብገብ የሚለውን የወሰነው ሰው ነው። ፈረንሳይ በ1859 በሕግ 435 ይሁን አለች፤ በ1939 ለንደን ላይ የተሰበሰቡ አገሮች 440 ላይ ተስማሙ። ተፈጥሮ በዚህ ነገር ላይ ድምፅ አልሰጠችም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ይብሳል። ቃኚው በአንድ ኦክታቭ ውስጥ ያሉትን 12 ድምፆች እርስ በርስ ማደላደል አለበት። ጆሮ እጅግ የሚወደው አምስተኛ የሚባለው ርቀት የ3 ለ2 ጥምርታ ነው፤ ኦክታቭ ደግሞ የ2 ለ1 ነው። ከዝቅተኛ ድምፅ ተነሥቶ በዚህ ርቀት 12 ጊዜ ወደ ላይ የወጣ ሰው ከ7 ኦክታቭ በኋላ ወደ መነሻ ድምፁ መመለስ ነበረበት። አይመለስም። አንድ ተኩልን በራሱ 12 ጊዜ ያባዛ 129.75 ገደማ ያገኛል፤ ሁለትን 7 ጊዜ ያባዛ ግን 128 ላይ ይቆማል። ይህ የመሣሪያ ጉድለት ወይም የሙያ ማነስ አይደለም፤ ሦስትን በሦስት እያበዙ የሁለት ብዜት ላይ መድረስ ከቶ ስለማይቻል ነው። ስለዚህ ቃኚው ትርፉን ለ12ቱም ያካፍላል፤ እያንዳንዱን አምስተኛ ርቀት በግማሽ ድምፅ አንድ አምሳኛ ያህል ያጠብበዋል። ከመሐለኛው ዶ በታች ካለው ላ በላዩ እስካለው ሚ ድረስ ያለው ርቀት በአራት ሴኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል እንዲመታ ይተወዋል፤ ከላው በታች ያለው ፋ ከዚያው ላ ጋር፣ ሦስተኛ በሚባለው ርቀት፣ በሴኮንድ ወደ ሰባት ጊዜ ይመታል። የተካነ ቃኚ እነዚህን ምቶች ሊያጠፋቸው አይሞክርም፤ ልካቸውን ጠብቀው እንዲመቱ ይቈጥራቸዋል። እንግዲህ የጎረቤቶቿ መለኪያ የሆነችው መካከለኛ ክር ልክነት የምንለው ነገር በእኩል የተከፋፈለ ስሕተት ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ጎረቤቶቿ ሁሉ ታፍነው ብቻዋን የቀረች ክር አንዳንዴ ራሷ ትመታለች። ክሯ የምታልፍበት በርኩማ ላይ የተተከለችው ትንሽ ፒን ከላላች፣ ክሯ ወደ ላይና ወደ ታች ስትርገበገብ አንድ ርዝመት፣ ወደ ጎን ስትርገበገብ ሌላ ርዝመት ይኖራታል። ከአንድ ክር ሁለት ተቀራራቢ ድምፅ ይወጣል፤ እርስ በርስም ይመታሉ። ሐሰተኛ ምት ይሉታል። ቃኚው ያን ጊዜ የቱን ያህል ፌልት ቢደርብ አይረዳውም፤ ዝም የሚያሰኘው ሌላ ወገን የለም። አንድን ነገር ከሌላው ሁሉ ለይቼ ብቻውን ባየው እውነቱን አገኛለሁ የሚል አሳብ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ብቻውን የቀረውም ቢሆን ከራሱ ጋር ያልተስማማ ሊሆን ይችላል።

ማፈን እንዲህ ወሰን ካለው ለምን ይደረጋል? ያለሱ ምንም መጀመር ስለማይቻል ነው። ሽማግሌ ባልና ሚስትን ሲያስታርቅ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲናገሩ አይሰማም፤ አንዱን «ቆየኝ» ይልና ሌላውን ያናግራል። «ቆየኝ» ፍርድ አይደለም፤ ተራ ማስያዣ ነው። ተራው ሳይመጣ ከቀረ ግን ያ ሰው የተቀጣው ሳይሰማ ነው። የማፈን ትርጉም የሚታወቀው ከማፈኑ በኋላ በሚሆነው ነው።

በፒያኖው ላይ ከማፈኑ በኋላ የሚሆነው ይህ ነው። ቃኚው የፌልቱን አንድ እጥፋት ስቦ ይነቅላል፤ የአንዱ ቡድን ቀኝ ክርና የቀጣዩ ግራ ክር ነጻ ይወጣሉ። መፍቻውን ነጻይቱ ክር በተጠመጠመችበት ማጥበቂያ ፒን ላይ ይሰካል። ክሯ የተወጠረችው በ75 ኪሎ ገደማ ጉልበት ነው፤ ፒኗ የተቀበረችው በጠንካራ እንጨት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የእጁ እንቅስቃሴ ለዓይን አይታይም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቁልፉን ጠንከር አድርጎ ይመታል። መጀመሪያ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ እጁ ሲጠብቅ መንቀጥቀጡ ወደ ዝግ ያለ ማዕበል ይለወጣል፤ ማዕበሉ ይረዝማል፣ ይረዝማል፣ ከዚያ ይተኛል። እዚያ ላይ አያቆምም። ክሯን ከልኩ በላይ ኢምንት አሳልፎ መልሶ ያሳርፋታል፤ ደጋግሞም በኃይል ይመታታል፤ ፒኗ በእንጨቱ ውስጥ ተጣምማ ከቀረች ቅኝቱ እስከ ማግስቱ አይቆይምና። ግራይቱ ከመካከለኛዋ ጋር ስትስማማ ቀኛይቱ ትለቀቅና ለሁለቱ ትቃኛለች።

ሥራው እዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን የአንድ ፒያኖ ክሮች ጠቅላላ ውጥረት ከ18 እስከ 20 ቶን ይደርሳል፤ ይህን የሚሸከመው የብረት ክፈፍም ሆነ በክሮቹ ሥር ያለው የድምፅ ሳንቃ ትንሽ ትንሽ ይሰግዳል። ወርዶ የከረመ ፒያኖ ላይ የታፈኑት ክሮች አንድ በአንድ ተለቀው ወደ ልካቸው ሲወጡ፣ በበርኩማው በኩል ሳንቃው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፤ ሳንቃው ይበልጥ ይሰግዳል፤ ቀድማ የተቃኘችው መካከለኛ ክር ሳትነካ ትወርዳለች። ልክ ነበረች፤ ልክ የነበረችው ግን ጎረቤቶቿ ባልተቃኙበት ዓለም ነው። እነሱን ለማቃናት የተደረገው ነገር ራሷን አጎደላት።

ቃኚዎች በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ፌልቱን ከዳር እስከ ዳር ሰክቶ የመካከለኛዎቹን መሠረት መጀመሪያ ይጨርሳል፤ ሁሉን ንጽሕት በሆነች አንዲት ክር ለክቶ ከዚያ ሌሎቹን ይመልሳል። ሌላው ወገን ፌልቱን ትቶ በአንድ ሁለት ሽብልቅ ብቻ ይሠራል፤ አንዱን ድምፅ በሦስቱም ክሮች ጨርሶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ሳንቃው ጫናውን እየለመደ እንዲሄድ፣ የሚለካውም ድምፅ በኋላ በእርግጥ የሚሰማው ሙሉ ድምፅ እንዲሆን ብሎ። የመጀመሪያው የሚያተርፈው ጥራት ነው፤ ሁለተኛው እውነተኛነት። በጣም ለወረደ ፒያኖ ግን ሁለቱም አንድ መልስ አላቸው፤ መጀመሪያ ሁሉን በግርድፉ አንሥቶ እንደገና ከመጀመሪያው መቃኘት። አንድ ጊዜ ሰምቶ የጨረሰ ዳኛ እንደሌለ በተግባር ያውቁታል።

የፊዚክስ ሊቁ ጋብርኤል ዋይንራይክ በ1977 ባሳተመው ጥናት ነገሩን ይበልጥ አጠለቀው። ሦስቱ ክሮች በበርኩማው አማካይነት ይነጋገራሉ፤ አንዷ ስትርገበገብ ሌላዋን ትገፋለች። ስለዚህ አብረው ሲርገበገቡ የሚያወጡት ድምፅ ብቻቸውን የሚያወጡት ድምፅ ድምር አይደለም። ለየብቻ ቢለኩ ጥቂት የሚለያዩ ሁለት ክሮች አብረው ሲመቱ እንደ አንድ ሊሄዱ ይችላሉ። ከመጀመሪያው ጎላ ያለ ድምፅ በኋላ ቀስ ብሎ የሚቀረው ረጅም ድምፅም፣ ያ ፒያኖን ዘማሪ የሚያስመስለው፣ በክሮቹ መካከል ባለው ኢምንት ልዩነት ይገዛል። ከዚያ ቀደም ብሎ ከርክ የተባለ ተመራማሪ በ1959 ባወጣው ጥናት አድማጮች አብልጠው የወደዱት ሦስቱ ክሮች ከአንድ እስከ ሁለት ሴንት የተለያዩበትን ቅኝት ነበር፤ ሴንት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው። ጆሮ ፍጹም አንድነትን እንደማይናፍቅ፣ የሚወደው የተቀራረበ ልዩነትን እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

የእኛም ክራር ይህን ጥበብ በሌላ መንገድ ያውቀዋል። ክራር መቺ በቀኝ እጁ መግረፊያ ይዞ ክሮቹን በሙሉ አንድ ላይ ሲገርፍ፣ የግራ እጁ ጣቶች ከወዲያ ሆነው የማይፈለጉትን ይይዛሉ፤ የምትፈለገዋ ብቻ ታልፋለች። ዜማው የሚወጣው ክር በመምታት የሆነውን ያህል ክር በመያዝም ነው። እዚያ ማፈን ለአንዲት ቅጽበት ነው፤ አሁን የተያዘችው ክር ከአፍታ በኋላ የምትለቀቀው ናት። ማንኛዋም ክር እስከ ዘፈኑ መጨረሻ ብትያዝ ክራሩ ያን ያህል ጎደለ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር ይጨመቃል። ማፈን የሚገባው ለመስማት ሲሆን ነው፤ የታፈነው ተራው ሲደርሰው ነው፤ ከዚያም ሁሉ ከተለቀቀ በኋላ የመጀመሪያው ፍርድ እንደገና ሲፈተሽ ነው። ሦስተኛውን የሚዘነጉ ብዙዎች ናቸው።

የቃኚዎች ታሪክ ራሱ ለዚህ ምስክር አለው። ክሎድ ሞንታል በሕፃንነቱ ዐይኑ የጠፋ ፈረንሳዊ ነበር፤ የዐይነ ስውራንን ጽሕፈት የፈጠረው ሉዊ ብራይል በተማረበት በፓሪሱ የዐይነ ስውራን ተቋም ተምሮ አስተምሯል። ከአንድ ዐይነ ስውር ጓደኛው ጋር ሆኖ የተቋሙን ፒያኖዎች በራሱ መቃኘት ሲጀምር፣ ፒያኖዎቹን ለመቃኘት የሚመጣው ዐይናማ ባለሙያ አቤት አለ፤ አስተዳደሩም ሁለቱ እንዳይነኩ ከለከለ። እነሱ አሮጌ ፒያኖ አግኝተው ዕቃውን በሙሉ ፈታቱና መልሰው ገጠሙት፤ ችሎታቸው ከታየ በኋላ ክልከላው ተነሣ፤ የተቋሙም ፒያኖዎች ለእነሱ ተሰጡ። ሞንታል በ1836 ፒያኖ አቃኛኘትን የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ፤ በኋላም የራሱን ፒያኖ ሠርቶ ሸጠ። ቅኝት በአውሮፓ የዐይነ ስውራን የታወቀ ሙያ ሆነ፤ በ1872 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የዐይነ ስውራን ኮሌጅም ሲያስተምረው ቆየ። ሞንታልን ከልክሎ የነበረው ፍርድ መሐል ላይ በነበሩ ሰዎች የተሰጠ ነበር። እነሱ የሚያውቁት ቃኚ ሁሉ ዐይናማ ስለነበረ ቃኚ ማለት ዐይናማ መሰላቸው።

አንድ ሰው እዚህ ላይ ሊከራከር ይችላል፤ ሰው ክር አይደለም ብሎ። እውነት ነው። ክር መታፈኗን አታውቅም፤ ሰው ያውቃል፤ ቂምም ይይዛል። ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላ ልዩነት ነው። በፒያኖ ፊት የቆመው ቃኚ ከክሮቹ አንዱ አይደለም፤ በሰው መካከል ግን ፌልቱን የያዘው እጅ የአንዱ ክር እጅ ነው። ስለዚህ የፒያኖው ነገር ለሰው እንደ ወረደ አይገለበጥም። አንድ ነገር ግን ሳይቀነስ ይተላለፋል።

መካከለኛዋ ክር ተሳስታ ቢሆንስ? ቃኚው መሠረቱን ሲያስቀምጥ አንዲቱን ክር ጥቂት ከፍ አድርጎ ሳተ እንበል። ከዚያ ፌልቱን ነቅሎ ግራና ቀኟን በጥንቃቄ አስማማላት። አሁን ያ ቁልፍ ብቻውን ሲመታ ምንም ምት የለበትም፤ ጥርት ያለ፣ ያማረ፣ አንድ ድምፅ ነው። ሦስቱ ፍጹም ተስማምተዋል፤ ሦስቱም ተሳስተዋል። በመካከላቸው ጆሮ ብናስጠጋ ስሕተቱን የሚነግረን ምልክት አናገኝም፤ ምት የሚነሣው ከልዩነት ነው፣ እነሱ ደግሞ ልዩነት አላስቀሩም። ስሕተቱ የሚታወቀው ሌላ ቁልፍ አብሮ ሲመታ፣ ከሌላ ቡድን የመጣ ክር ሲጠየቅ ብቻ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ማበሩ ኃይል መሆኑን ተረቱ በደንብ ይናገራል። የታሰረው መታሰር ይገባው እንደሆነ ግን አይነግረንም፤ ድሮቹም እርስ በርስ ቢጠያየቁ አያውቁትም። ለዚህ ነው ሥራውን የሚያውቅ ቃኚ ሦስቱን ክር ካስማማ በኋላ ስላማሩለት ብቻ መፍቻውን የማያነሣው። አምስተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ ኦክታቩን አንድ በአንድ እየጠራ፣ ከስምምነቱ ውጭ ያሉት ምን እንደሚሉ ይጠይቃል፤ የሚሉት ካልጣመው ፌልቱን እንደገና ያስገባል።